የፋህ መለኪያ ኪት፦ ለእንስሳ የተሠራ ዕቃ ለቡና ችግኝ ሲውል

ኪቱ ሲከፈት አንድ ጥቁር ባለ96 ጉድጓድ ፕሌት፣ ጥቂት ትንንሽ ብልቃጦችና አንድ መመሪያ ይወጣሉ። ሥራው ፋቲ አሲድ አማይድ ሃይድሮሌዝ የተባለውን ኢንዛይም፣ ባጭሩ ፋህን፣ በፍሎረሰንስ፣ ማለትም አንድ ነገር በብርሃን ተመትቶ መልሶ በሚያበራው ብርሃን፣ መለካት ነው። ከአንድ በላይ አምራቾች ይሸጡታል። ሣጥኑና ስሙ ቢለያይም አሠራሩ ያው በመሆኑ እዚህ የምንገመግመው ዓይነቱን ነው።

ፍርዳችንን እናስቀድም። በኪቱ ውስጥ የሚመጣውን የሰው ኢንዛይም ለመለካት፣ ለምሳሌ አንድ መድኃኒት ኢንዛይሙን ይገታው እንደሆነ ለመፈተሽ የሚገዛው ሰው አያዝንበትም። የተክል ፋህ ለመለካት የሚገዛው ግን መመሪያው ላይ ያልተጻፉ ብዙ ነገሮችን ራሱ መጨመር አለበት። ናሙናው የቡና ቅጠል ከሆነ ደግሞ እነዚህን ሳይጨምር የሚያገኘው ቁጥር ምንም አይነግረውም። ጅማ ላይ ሆኖ ስለ ዘር መብቀልና ስለ ችግኝ ጥንካሬ የሚያጠና ሰው፣ በዩኒቨርሲቲው የግብርናና እንስሳት ሕክምና ኮሌጅም ይሁን መልኮ ባለው የግብርና ምርምር ማዕከል፣ ናሙናው ብዙ ጊዜ ቡና ስለሚሆን ይህ ጉዳይ በቀጥታ ይመለከተዋል።

ኢንዛይሙ ምን እንደሚሠራ በጥቂቱ እንበል፤ የኪቱ ድክመት የሚታየው ከዚያ ተነሥቶ ነውና። በደረቅ ዘር ውስጥ ኤን-አሲል ኢታኖላማይን የሚባሉ፣ በአንድ ጫፋቸው የፋቲ አሲድ ጭራ በሌላው ኢታኖላማይን የያዙ መልእክት አስተላላፊ ቅባቶች ይገኛሉ። ኤንኤኢ እያልን እንቀጥል። ዘሩ ውሃ ጠጥቶ ማቆጥቆጥ ሲጀምር መጠናቸው ይወርዳል። የሚያወርዱት መንገዶች ሁለት ናቸው። ፋህ አማይድ ማያያዣውን በውሃ ቆርጦ ነፃ ፋቲ አሲድና ኢታኖላማይን ያስቀራል። ላይፖክሲጅኔዝ ግን አይቆርጥም፤ እንደ 18:2 (18 ካርቦንና 2 ድርብ ማያያዣ) ያሉ ከአንድ በላይ ድርብ ማያያዣ ያላቸውን ጭራዎች ኦክስጅን ጨምሮ ይለውጣቸዋል። ይህን ሁለተኛውን መንገድ አንባቢ ልብ ይበልልን፤ ኋላ ላይ ሥራ ያበላሻል።

የእንስሳው ፋህ ዘረመል እ.ኤ.አ. በ1996፣ ለምርምር የሚያገለግለው የትንሹ ተክል የአራቢዶፕሲስ ደግሞ በ2003 ተለይቶ ታወቀ። የአራቢዶፕሲሱ ፕሮቲን 607 አሚኖ አሲዶች አሉት፤ የመቁረጡን ሥራ የሚሠሩት እንደ እንስሳው ሁሉ አንድ ላይሲንና ሁለት ሴሪኖች ናቸው። ፋህ የጎደላቸው የአራቢዶፕሲስ ችግኞች ኤንኤኢ 12:0 ባለበት ማብቀያ ላይ ከሌሎቹ ብሰው ይቀጭጫሉ። ፋህ የበዛላቸው በዚያው ማብቀያ ላይ ደህና ያድጋሉ፤ ነገር ግን መብቀልን ለሚገታው የተክል ሆርሞን፣ ለአብሲሲክ አሲድ፣ ይበልጥ ስሱ ይሆናሉ፣ በባክቴሪያ በሽታም ቶሎ ይጠቃሉ። ስለዚህ ከኪቱ ከፍ ያለ ቁጥር ስለወጣ ብቻ «የተሻለ ችግኝ ነው» ብሎ መጻፍ ስሕተት ነው።

ወደ ዕቃው እንመለስ። ሰብስትሬቱ፣ ማለትም ኢንዛይሙ የሚቆርጠው ነገር፣ የተክሉ የራሱ ኤንኤኢ አይደለም። አራኪዶኖይል ጭራ ኤኤምሲ ከሚባል ቀለም ጋር ታስሮ የተሠራ ነው። ኤኤምሲ ታስሮ ሳለ እምብዛም አያበራም፤ ሲቆረጥና ነፃ ሲወጣ በ340–360 ናኖ ሜትር ብርሃን ተመትቶ በ450–465 ናኖ ሜትር ሰማያዊ ያበራል። በእያንዳንዱ ጉድጓድ የሚገባው 170 ማይክሮ ሊትር በፈር (ፒኤች የሚጠብቅ ፈሳሽ)፣ 10 ማይክሮ ሊትር ዲኤምኤስኦ (ማሟሚያ ፈሳሽ) ወይም ገቺ (ኢንዛይሙን የሚያቆም ነገር) የሟሟበት ዲኤምኤስኦ፣ 10 ማይክሮ ሊትር ኢንዛይም፣ በመጨረሻ 10 ማይክሮ ሊትር ሰብስትሬት ነው፤ ድምሩ 200። የሰብስትሬቱ የመጨረሻ መጠን 20 ማይክሮ ሞላር እንዲሆን የሚጨመረው 400 ማይክሮ ሞላር መሆን አለበት። ዲኤምኤስኦው 5 በመቶ ይደርሳል፤ ስለዚህ ገቺ በሌለባቸው ጉድጓዶችም ያው 10 ማይክሮ ሊትር ዲኤምኤስኦ ካልገባ ንጽጽሩ ይዛባል። ሰብስትሬቱ ቅባት ስለሆነ ፕላስቲክ ላይ ይለጠፋል። በመስታወት ብልቃጥ አቅጥኖ፣ በደንብ ነቅንቆ፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ መጠቀም ነው። ለነገ ብሎ ቀጭኑን ማስቀመጥ ገንዘብ መጣል ነው።

በፈሩ ትሪስ ነው፣ ፒኤቹ 9.0። ለተክሉም የሚስማማ ነው፤ የተክል ፋህም አልካላይን ይወዳል። ችግሩ ሙቀት ላይ ነው። የትሪስ ፒኤች ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ሲጨምር በ0.028 ገደማ ይወርዳል። ላብራቶሪው 22 ዲግሪ ሆኖ 9.0 ላይ የተስተካከለ በፈር 37 ዲግሪ ላይ ወደ 8.6 ይወርዳል። መመሪያው 37 የሚለው ለሰው ኢንዛይም ነው፤ ለተክል 30 ዲግሪ ይበቃል፣ በፈሩም እዚያው 30 ዲግሪ ላይ ሆኖ ይስተካከል። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ግን የሁለት ሳምንት ውጤቶች እርስ በርስ የማይገናኙበት የተለመደ ምክንያት ይህ ነው።

አሁን ዋናውን እንያዝ። ኪቱ ንጹሕ ኢንዛይም ታስቦ የተሠራ ነው። የተክል ጭማቂ ንጹሕ አይደለም፤ የቡና ቅጠል ጭማቂማ በዚህ ልኬት ላይ በሦስት በኩል ይመጣል። አንደኛ፣ ክሎሮጄኒክ አሲድ በብዛት አለው፤ ይህ ነገር ራሱ በአልትራቫዮሌት ሲመታ ሰማያዊ ስለሚያበራ ብርሃኑን የሚያነበው ማሽን፣ ፕሌት ሪደሩ፣ ኤኤምሲ ይመስለዋል። ሁለተኛ፣ ክሎሮፊል ያንኑ ሰማያዊ ብርሃን ይውጣል፤ ክሎሮፊል ቢ ብርሃን የሚመጥበት አንዱ ጫፍ 450 ናኖ ሜትር አካባቢ በመሆኑ ከንባቡ ጋር ፊት ለፊት ይጋጫል። አንዱ ሲያስጨምር ሌላው ሲያስቀንስ፣ የወጣው ቁጥር ትክክል ሊመስል ይችላል። ሦስተኛ፣ ቅጠሉ ሲወቀጥ ፖሊፌኖል ኦክሲዴዝ የተባለው ኢንዛይም ክሎሮጄኒክ አሲድን የመሰሉትን ፌኖሎች ወደ ኩዊኖን ይለውጣል፤ ኩዊኖኖቹ ፕሮቲን ላይ ተለጥፈው ኢንዛይሙን ይገድሉታል። ጭማቂው በ5 ደቂቃ ውስጥ ቡናማ ከሆነ ከዚያ በኋላ የሚለካው የተረፈውን ነው፤ እንደገና መጀመር ይሻላል።

ለዚህ የምንመክረው ከሁሉ በፊት ናሙናውን መምረጥ ነው። ጥያቄው ስለ መብቀል ከሆነ ቅጠል አያስፈልግም። በጨለማ የበቀለ፣ አረንጓዴ ያልሆነ ችግኝ የክሎሮፊሉን ጣጣ ከሥሩ ይነቅለዋል። ለአራቢዶፕሲስ 5 ቀን ይበቃል። የቡና ዘር ሳምንታት ይፈልጋል፤ እንደ ስንዴም ደርቆ ለዓመታት አይቀመጥም፣ ስለዚህ ዘሩ የተለቀመበትን ቀንና እርጥበቱን ሳይመዘግቡ መጀመር ልኬቱን ዋጋ ያሳጣዋል።

አወጣጡ እንዲህ ነው። 5 ግራም ናሙና በፈሳሽ ናይትሮጅን በቀዘቀዘ ሙቀጫ እንደ ዱቄት እስኪልም ይወቀጣል። ከዚያ 15 ሚሊ ሊትር በረዶ ላይ የቆየ በፈር ይጨመራል፦ 100 ሚሊ ሞላር ፖታሲየም ፎስፌት በፒኤች 7.2፣ 400 ሚሊ ሞላር ሱክሮዝ፣ 10 ሚሊ ሞላር ፖታሲየም ክሎራይድና 1 ሚሊ ሞላር ኢዲቲኤ። ለቡና 0.3 ግራም ፒቪፒፒ (ፌኖል የሚይዝ ዱቄት) እና 53 ሚሊ ግራም አስኮርቢክ አሲድ ይታከልበታል። ፒቪፒፒው አስቀድሞ በበፈሩ ውስጥ ይዘፈዘፍ፤ ደረቁን ሲጨምሩት ፌኖሉን ለመያዝ ይዘገያል። አስኮርቢክ አሲድ ፒኤቹን ስለሚያወርድ ፒኤቹ ከተጨመረ በኋላ ደግሞ ይታያል። በአራት ድርብ ሻሽ ተጠልሎ በ10,000 ጂ (የመሬት ስበት 10,000 እጥፍ) ለ20 ደቂቃ በ4 ዲግሪ ይሽከረከራል፤ ራዲየሱ 8 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ሮተር ይህ በደቂቃ 10,600 ዙር ገደማ ነው። ከላይ የቀረው ፈሳሽ በ100,000 ጂ ለ60 ደቂቃ ሲሽከረከር የሽፋን ክፍሉ፣ ማይክሮዞም የሚባለው፣ ከታች ይዘቅጣል። እሱ በ0.5 ሚሊ ሊትር በዚያው በፈር፣ ያለ ፒቪፒፒና ያለ አስኮርቢክ አሲድ፣ ይበጠበጣል።

100,000 ጂ የሚያሽከረክረው አልትራሴንትሪፊውጅ በሌለበት የሚያዋጣው ከ10,000 ጂ በኋላ ያለውን ፈሳሽ በጂ-25 ሴፋዴክስ ኮለም፣ ማለትም ሞለኪውሎችን በመጠናቸው በሚለይ ቱቦ፣ ማሳለፍ ነው። በተለመደው ፒዲ-10 ኮለም 2.5 ሚሊ ሊትር አስገብቶ በ3.5 ሚሊ ሊትር ማውጣት ነው። ሽፋኖቹና ትልልቆቹ ፕሮቲኖች ቀድመው ይወጣሉ፤ ክሎሮጄኒክ አሲድና ካፌይን ኮለሙ ውስጥ ይቀራሉ። እንደ ማይክሮዞም የጠራ አይሆንም፣ ግን ምንም ሳያጠሩ ከመለካት እጅግ ይሻላል።

ፒኤምኤስኤፍ እዚህ ሥራ ውስጥ አይግባ። ብዙ የፕሮቲን ማውጫ መመሪያዎች እንደ ልማድ ያስገቡታል፤ እሱ ግን የሴሪን ኢንዛይሞች መርዝ ነው፣ ፋህም የሚቆርጠው በሴሪን ነው። የፕሮቲን መጠን ሲለካም ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በናሙናው ዲቲቲ ካለ ቢሲኤ የተባለው የፕሮቲን መለኪያ፣ ትራይተን የተባለው ሳሙና መሰል ነገር ካለ ደግሞ ብራድፎርድ የተባለው ይሳሳታል።

ኮንትሮሎች፣ ማለትም ማነጻጸሪያ ጉድጓዶች፣ ላይ ኪቱ በጣም ይቆጥባል። መመሪያው ላይ ያሉት ባዶ (ኢንዛይም የሌለበት) እና ሙሉ (ገቺ የሌለበት) ብቻ ናቸው። ለተክል ናሙና የማይቀሩት እነዚህ ናቸው። ናሙናው ያለ ሰብስትሬት፦ የራሱን ብርሃን ለመቀነስ። ሰብስትሬቱ ያለ ናሙና፦ ሳይቆረጥ በራሱ የሚፈታውን ለማወቅ። ናሙናው ከኤምኤኤፍፒ ጋር፦ ይህ ገቺ የተክል ፋህን በትንሽ መጠን ያቆመዋል። 2 ማይክሮ ሞላር የሆነውን በዲኤምኤስኦ አዘጋጅቶ በዚያ የዲኤምኤስኦ ቦታ 10 ማይክሮ ሊትር ሲገባ የመጨረሻው 100 ናኖ ሞላር ይሆናል፤ ሰብስትሬት ከመጨመሩ በፊት 10 ደቂቃ ይቆያል። ኤምኤኤፍፒ የሚመጣው በሜቲል አሲቴት ሟሙቶ ስለሆነ መጀመሪያ በናይትሮጅን ጋዝ ይነፍስና ደርቆ ነው በዲኤምኤስኦ የሚሟሟው። ሴሪን ኢንዛይሞችን የሚመታ የፎስፎረስ ውህድ ነው፤ ጓንትና የጭስ መሳቢያ የግድ ነው። ኪቱ ውስጥ ያለው ገቺ የተመረጠው ለሰው ኢንዛይም ነውና ለተክሉ በእሱ አይታመኑ።

ኤምኤኤፍፒ ሌሎች የሴሪን ኢንዛይሞችንም ስለሚመታ ብቻውን ምስክር አይሆንም። ሁለተኛ ምስክር የተፈጥሮው ኤንኤኢ ነው። በሌላ ጉድጓድ 100 ማይክሮ ሞላር ኤንኤኢ 12:0 ሲጨመር የኤኤምሲው ብርሃን ከቀነሰ፣ ሁለቱ በአንድ ኢንዛይም በር እየተጋፉ ነው ማለት ነው። ካልቀነሰ ሌላ አማይዴዝ እየተለካ ሊሆን ይችላል፤ ውጤቱ «ፋህ» ተብሎ አይጻፍ።

የተቀቀለ ናሙናን እንደ ኮንትሮል የሚጠቀሙም አሉ። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር ስለሚበልጥ ውሃ እዚህ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ «95 ዲግሪ ለ5 ደቂቃ» የሚል መመሪያ በውሃ አይፈጸምም። 10 ደቂቃ ቢቀቀል ኢንዛይሙ ይሞታል። ነገር ግን የተቀቀለ ሽፋን ተቆራርሶ ስለሚደፈርስ ብርሃን ይበትናል፤ በዚህ ምክንያት ኤምኤኤፍፒውን እናስበልጣለን።

ከሁሉ የምትበልጠው ኮንትሮል ግን ርካሿ ናት፦ ናሙናው ባለበት ጉድጓድ 1 ማይክሮ ሞላር ኤኤምሲ ጨምሮ ማንበብ። ኤኤምሲው በበፈር ብቻ ከሚያሳየው 60 በመቶ ብቻ ካሳየ ናሙናው 40 በመቶውን እየዋጠ ነው፤ ውጤቱ ሁሉ ለ0.6 ይካፈላል። ከ50 በመቶ በታች ከሆነ ማካፈል አያድንም፤ ናሙናውን ማቅጠን ወይም ዳግም ማጥራት ነው። ይህን ያላደረገ የቡና ቅጠል ልኬት ላይ እምነት የለንም።

ንባቡ በየደቂቃው ለ30 ደቂቃ ይሁን። መመሪያው መጨረሻ ላይ አንዴ ማንበብን ይፈቅዳል፤ ያ ለንጹሕ ኢንዛይም ነው። በተክል ናሙና መስመሩ በ5 ደቂቃ ውስጥ ከጎበጠ ወይ ኢንዛይሙ በዝቷል፣ ወይ ሰብስትሬቱ በሌላ መንገድ እያለቀ ነው። ላይፖክሲጅኔዝ የመጣው እዚህ ነው። አራኪዶኖይል ጭራ አራት ድርብ ማያያዣ ስላለው ለላይፖክሲጅኔዝ የተመቸ ነው፤ አኩሪ አተርን በመሰለ ኢንዛይሙ በሞላበት ዘር ላይ ፋህ ሳይነካው ጭራው ሊለወጥ ይችላል። ኤንዲጂኤ የሚባለውን ገቺ 100 ማይክሮ ሞላር ጨምሮ ማነጻጸር ይረዳል። በእሱ ጊዜ መስመሩ ከተቃና ምክንያቱ ተገኘ።

ስሌቱ ብዙ ተማሪ የሚሳሳትበት ስለሆነ በምሳሌ እናሳይ። የኤኤምሲ መደበኛ መስመር ለመሥራት 1.75 ሚሊ ግራም በ1 ሚሊ ሊትር ዲኤምኤስኦ ሲሟሟ 10 ሚሊ ሞላር ይሆናል፤ ከእሱ 0፣ 0.25፣ 0.5፣ 1፣ 2፣ 3፣ 4 እና 5 ማይክሮ ሞላር ይሠራል። መስመሩ ለ1 ማይክሮ ሞላር 2,000 የብርሃን አሃድ ሰጠ እንበል። ናሙናው በደቂቃ 400 አሃድ ከጨመረ፣ ያ በደቂቃ 0.2 ማይክሮ ሞላር ነው። በ200 ማይክሮ ሊትር ውስጥ 40 ፒኮ ሞል ይሆናል። የገባው 10 ማይክሮ ሊትር ባለ 2 ሚሊ ግራም በሚሊ ሊትር ፕሮቲን ከሆነ 20 ማይክሮ ግራም ነው፤ ውጤቱ በደቂቃ በማይክሮ ግራም 2 ፒኮ ሞል። ኤምኤኤፍፒ ባለበት ጉድጓድ የተገኘው ከዚህ ላይ ይቀነሳል። የማሽኑ የብርሃን አሃድ በራሱ ልኬት አይደለም፤ በሌላ ማሽን፣ በሌላ «ጌይን» (የማሽኑ የብርሃን ማጉያ ልክ) ሌላ ቁጥር ይወጣል።

ዋጋውን ስናይ ትልቁ ቅሬታችን ይወጣል። ሻጩ 96 ጉድጓድ ይላል፤ 3 ለባዶ፣ 3 ለሙሉ ሲቀነስ በሦስት ድግግሞሽ 30 ናሙና ይመስላል። ለተክል ሲሆን ግን መደበኛው መስመር 16 ጉድጓድ ይወስዳል፣ ሰብስትሬት ብቻ 3። ለእያንዳንዱ ናሙና 3 ያለ ገቺ፣ 3 ከኤምኤኤፍፒ ጋር፣ 1 ያለ ሰብስትሬት፣ 1 ከኤኤምሲ ጋር፤ በድምሩ 8። ስለዚህ አንድ ፕሌት 9 ናሙና ብቻ ያስተናግዳል። የኪቱን ዋጋ ከነማጓጓዣው ለ9 አካፍላችሁ በጀት ጻፉ፤ ለ30 ያካፈለ ሰው መሃል መንገድ ላይ ይቆማል።

በእኛ ግምት ለተክል ሥራ የተሻለው ግዢ ሰብስትሬቱንና ኤኤምሲውን ለየብቻ ማዘዝ፣ በፈሩን እዚሁ መሥራት፣ ጥቁር ፕሌት መጨመር ነው። ሙሉው ኪት የሚጠቅመው ለአንድ ነገር ነው፦ የሰው ኢንዛይሙ ሰብስትሬቱ ደህና መሆኑን ያረጋግጣል። ለዚህ አንድ ኪት ለሁለት ሦስት ተማሪዎች ይበቃል። ኢንዛይሙን በመጀመሪያው ቀን በየ10 ማይክሮ ሊትሩ ከፋፍሎ ማስቀመጥ ነው፤ ቀልጦ ዳግም የበረደ ኢንዛይም አያስተማምንም።

ለየብቻ ማዘዝ ሌላም ጥቅም አለው። ደረቅ በረዶ የሚጠይቀው ኢንዛይሙ ነው። ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው፤ ከዚያ በፊት ደግሞ የጉምሩክ ጊዜ አለ። ኢንዛይም ያለበትን ዕቃ ሲያዙ ከፋብሪካው ሰኞ ወይም ማክሰኞ እንዲነሣ፣ የሙቀት መመዝገቢያ ውስጡ እንዲገባ፣ ከገናና ከጥምቀት ወይም ከፋሲካ ሰሞን ጋር እንዳይገጥም መጠየቅ ያዋጣል። አዲስ አበባ ላይ የሚረከበው ሰውም ደረቅ በረዶ የሚሞላበትን ቦታ አስቀድሞ ይወቅ።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ዲፕ ፍሪዘሩን አለመክፈት ብቻ አይበቃም። 230 ግራም የገበታ ጨው በ770 ሚሊ ሊትር ውሃ አሟሙቶ በፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ጠርሙሱን ሳይሞሉ፣ ባዶውን መደርደሪያ መያዝ ጥሩ ዘዴ ነው። ይህ ጨዋማ ውሃ የሚቀልጠው በ−21 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ቀልጦ እስኪያልቅ ድረስ ፍሪዘሩን እዚያ አካባቢ ይይዘዋል። በትንሽ ኩባያ ያው ጨዋማ ውሃ በርዶ አንድ ሳንቲም ከላዩ ይቀመጥ። ጠዋት ሳንቲሙ ከታች ከተገኘ ሌሊቱን ሙቀቱ ከ−21 በላይ ወጥቶ ነበር ማለት ነው፣ የማሳያው ቁጥር ምንም ይበል። ፕሌት ሪደሩም ኮምፒውተሩም በዩፒኤስ ይሁኑ፤ ጄኔሬተር እስኪነሣ ያለችው አፍታ የ30 ደቂቃ ንባብ ትቆርጣለች።

ፕሌት ሪደር ለሌለው፣ ወይም ናሙናው ሊጠራለት ላልቻለ፣ በቲን ሌየር ክሮማቶግራፊ፣ ማለትም ቅባቶችን ሲሊካ በተቀባ ፕሌት ላይ አስሩጦ በመለየት፣ የሚሠራው አሮጌ ዘዴ ከኪቱ ይበልጣል ብለን በድፍረት እንናገራለን። የራሱን የተክሉን ሰብስትሬት ይጠቀማል፣ ክሎሮጄኒክ አሲድም አያታልለውም። 400 ማይክሮ ሊትር ባለ 50 ሚሊ ሞላር ቢስ-ትሪስ ፕሮፔን በፒኤች 9.0፣ 100 ማይክሮ ሞላር ኤንኤኢ፣ 30 ዲግሪ፣ እየተነቀነቀ 30 ደቂቃ። ማቆሚያው 2 ሚሊ ሊትር በ70 ዲግሪ የሞቀ አይሶፕሮፓኖል ነው፤ እሳት በሌለበት፣ በኤሌክትሪክ ማሞቂያ ብቻ። ከዚያ 1 ሚሊ ሊትር ክሎሮፎርም ይጨመራል፣ በ1 ሞላር ፖታሲየም ክሎራይድ ሁለት ጊዜ ይታጠባል፣ የታችኛው ክሎሮፎርም ደርቆ በሲሊካ ፕሌት ላይ ይንጠባጠባል። ፕሌቱ በሄክሴን፣ ኢታይል አሲቴትና ሜታኖል 60፡40፡5 ሲሮጥ ነፃው ፋቲ አሲድ ከላይ፣ ያልተቆረጠው ኤንኤኢ ከታች ይለያል።

እዚህ የሰብስትሬት ምርጫ ወሳኝ ነው። አዮዲን የሚያቀልመው ድርብ ማያያዣ ያለውን ስለሆነ ኤንኤኢ 12:0 በአዮዲን ደብዝዞ ነው የሚታየው። ኤንኤኢ 18:2 በደንብ ይታያል፣ ግን ላይፖክሲጅኔዝ ይሻማዋል። መሃል ያለው ኤንኤኢ 18:1 ሁለቱንም ያስታርቃል፦ አንድ ድርብ ማያያዣ ስላለው ይቀልማል፣ ላይፖክሲጅኔዝ ግን ሁለት ተቀራራቢ ድርብ ማያያዣ ስለሚፈልግ አይነካውም። በ400 ማይክሮ ሊትሩ ውስጥ ያለው 40 ናኖ ሞል፣ ማለትም 13 ማይክሮ ግራም ነው፤ ጎን ለጎን 2፣ 5 እና 10 ማይክሮ ግራም ኦሌይክ አሲድ ከተነጠበ በዓይን መገመት፣ በስልክ ፎቶም ማወዳደር ይቻላል። ትንሽ ልዩነት አይለይም፤ ግማሽና እጥፍን ግን ይለያል። አዮዲን ከፕሌቱ ቶሎ ስለሚበን ፎቶው ወዲያው ይነሣ።

ከሁለቱም በፊት ወይም ጎን ለጎን የሚደረግ ሌላ ሙከራ አለ፤ እሱም ችግኙን ራሱን መጠየቅ ነው። 4.87 ሚሊ ግራም ኤንኤኢ 12:0 በ1 ሚሊ ሊትር ዲኤምኤስኦ 20 ሚሊ ሞላር ይሆናል። ከእሱ 175 ማይክሮ ሊትር በ100 ሚሊ ሊትር፣ ወደ 55 ዲግሪ በበረደ አጋር ማብቀያ ውስጥ ሲገባ 35 ማይክሮ ሞላር ነው። ኮንትሮሉ ያው 175 ማይክሮ ሊትር ዲኤምኤስኦ ብቻ የገባበት ነው። በአራቢዶፕሲስ የሥሩ ርዝመት ከሳምንት በኋላ በማስመሪያ ይለካል። ፋህ የጎደለው የአራቢዶፕሲስ መስመር ለዚህም ለኪቱም ከሁሉ የተሻለ ኮንትሮል ነው። ሆኖም እነዚህ መስመሮች ዘረመላቸው የተነካ ስለሆኑ ከዕፅዋት ኳራንቲን ፈቃድ በተጨማሪ በደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 እና በማሻሻያው 896/2007 ሥር ይወድቃሉ። ማመልከቻው ኪቱ ከመታዘዙ በፊት ይግባ፤ ኢንዛይሙ ፍሪዘር ውስጥ ሆኖ ወረቀት መጠበቅ የለበትም።